ላፕቶፓችሁ አላረጀም፤ ያለቀው የድጋፍ ቀኑ ነው



ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14፣ 2025) ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን ድጋፍ አቁሟል። ከዚያ ቀን ወዲህ በየዶርሙ፣ በየቢሮውና በየጥገና ቤቱ አንድ ጥያቄ አልጠፋም፦ «ላፕቶፔ ለዊንዶውስ 11 አይሆንም ተባለ። ልሽጠው? ልተወው? ወይስ ዝም ብዬ ልጠቀምበት?»

ጥያቄው ቀላል አይደለም። ብዙዎቻችን ላፕቶፕ የምንገዛው ቤተሰብ አዋጥቶ ወይም ወራት አጠራቅመን ነው፤ ያውም ያገለገለ። ዕቃው ይበራል፣ ኪቦርዱ ይሠራል፣ ስክሪኑ ንጹህ ነው። ግን አንድ ቀን «ይህ ኮምፒውተር መስፈርቱን አያሟላም» የሚል ጽሑፍ ብቅ ይላል። በዚያ ላይ አዲሱን ሲስተም ያስጫኑት ሰዎች ራሳቸው «ኧረ የድሮው ይሻል ነበር» እያሉ ያማርራሉ። ታዲያ ማንን እንስማ?

ዛሬ ነገሩን ከሥሩ እናየዋለን። ድጋፍ ማብቃት ምን ማለት ነው? አዲሱ ሲስተም ለምን ይንቀራፈፋል? ምሬቱ የቱ ጋ እውነት አለው? ኪስ ሳይጎዳ ምን ማድረግ ይቻላል? አንድ በአንድ እንሂድ።

«ድጋፍ አበቃ» ሲባል ምን ሆነ?

ኮምፒውተሩ አይጠፋም። እንደ ወትሮው ይነሳል፣ ወርድ ይከፍታል፣ ፊልም ያጫውታል። የቀረው ነገር በየወሩ በነጻ ይመጣ የነበረው የደህንነት አፕዴት ነው።

ይሄ አፕዴት ምን ይሠራል? ኦፕሬቲንግ ሲስተም በሚሊዮን የሚቆጠር የኮድ መስመር ያለበት ትልቅ ሥራ ስለሆነ ቀዳዳ አያጣም። ቀዳዳው ሲገኝ ኩባንያው መድፈኛ ሠርቶ በአፕዴት ይልካል። ድጋፍ ካበቃ በኋላ ግን ለዚያ ሲስተም የሚላክ መድፈኛ የለም። ይባስ ብሎ ሰርጎ ገቦች ለዊንዶውስ 11 የተላከውን መድፈኛ መርምረው «ይሄ ቀዳዳ 10 ላይም ይኖር ይሆን?» ብለው መፈለግ ይችላሉ። ካለ፣ 10 ላይ ክፍት እንደሆነ ይቀራል።

ይህ ለማስፈራራት የሚወራ ወሬ አይደለም። እ.ኤ.አ. ሜይ 12፣ 2017 ዋናክራይ የተባለ ቫይረስ በጥቂት ቀናት ውስጥ ወደ 150 በሚጠጉ አገሮች ከ200 ሺህ በላይ ኮምፒውተሮችን አጠቃ። የሰውን ፋይል እየቆለፈ «ለመክፈት በቢትኮይን ክፈል» ይል ነበር። እንግሊዝ ውስጥ ሆስፒታሎች የሕሙማን ቀጠሮ እስከመሰረዝ ደርሰዋል። የሚያሳዝነው ማይክሮሶፍት መድፈኛውን የለቀቀው ከሁለት ወር በፊት፣ በማርች 2017 ነበር። ከተጎዱት ብዙዎቹ አፕዴቱን ያልጫኑ ናቸው። ዊንዶውስ ኤክስፒ ደግሞ ድጋፉ በኤፕሪል 2014 ስላበቃ ያኔ በይፋ መድፈኛ አልተላከለትም ነበር። ጥቃቱ ከደረሰ በኋላ ነው ማይክሮሶፍት ለኤክስፒም በአስቸኳይ መድፈኛ የለቀቀው።

ስለዚህ «አፕዴት ዳታ ከመብላት ሌላ ምን ሊፈይድ» የሚለው አባባል አይሠራም። ዳታ መብላቱ እውነት ነው፤ ወደዚያ እንመለሳለን። ግን ፋይል የሚያድነውም እሱ ነው።

መስመሩ የት ላይ ተሰመረ?

እስቲ ወደ ኋላ ሄደን ቁጥሩን እንይ። ዊንዶውስ 95 እ.ኤ.አ. በ1995 ሲወጣ በትንሹ 4 ሜጋባይት ራም ይበቃው ነበር። በ2001 ኤክስፒ 64 ሜጋባይት ጠየቀ። በ2007 ለሰፊው ሕዝብ የወጣው ቪስታ 512 ሜጋባይት አለ። በ2009 ዊንዶውስ 7 ወደ 1 ጊጋባይት ከፍ አደረገው። በ2021 የወጣው ዊንዶውስ 11 ደግሞ 4 ጊጋባይት ይፈልጋል። ከ95 እስከ 11 ባለው 26 ዓመት ውስጥ ዝቅተኛው የራም መጠን አንድ ሺህ እጥፍ አደገ ማለት ነው። ይሄ እንግዲህ ለመነሳት ያህል የሚበቃው ነው፤ ክሮም ከፍታችሁ፣ ወርድ ከፍታችሁ፣ ሙዚቃም ልስማ ካላችሁ 8 ጊጋባይት ከሌለ ትግል ነው።

አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። ከ7 እስከ 10 ድረስ መስፈርቱ ብዙም አልጨመረም ነበር። በ2009 እና በ2010 የተሠሩ ብዙ ላፕቶፖች ዊንዶውስ 10ን ተሸክመው የኖሩት ለዚህ ነው። ሰውም «ቀስ ይላል እንጂ ይሠራል» ማለትን ለመደ።

ዊንዶውስ 11 ይህን ልማድ ቆረጠው። ከጉልበት በተጨማሪ ሁለት አዲስ ነገር ይጠይቃል። አንደኛው ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደህንነት ቺፕ ነው። ሥራው ሚስጥራዊ ቁልፎችን ከሌላው የኮምፒውተሩ ክፍል ለይቶ መያዝ ነው፤ ቤት ውስጥ እንዳለች ትንሽ ካዝና አስቡት። ሁለተኛው የተፈቀዱ ፕሮሰሰሮች ዝርዝር ነው። ከኢንቴል በአብዛኛው 8ኛ ጀነሬሽንና ከዚያ ወዲህ ያለው፣ ከኤኤምዲ ደግሞ በአብዛኛው ከራይዘን 2000 ጀምሮ ያለው ይገባል። ከዚያ በታች ያለው በር ላይ ይቀራል።

ሰውን የሚያናድደው የዚህ ዝርዝር ውጤት ነው። በ2017 መጀመሪያ የወጣው ኮር አይ7-7700 አራት ኮር ያለው ጉልበተኛ ፕሮሰሰር ነው። 16 ጊጋባይት ራም ጨምሩበትና ቪዲዮ ኤዲት ይሠራል። ግን 7ኛ ጀነሬሽን ስለሆነ ዝርዝሩ ውስጥ የለም። ሴሌሮን ኤን4020 ግን ሁለት ኮር ብቻ ያለው፣ ርካሽ ላፕቶፖች ላይ የሚገጠም ደካማ ፕሮሰሰር ሆኖ ሳለ ዝርዝሩ ውስጥ አለ። ጉልበተኛው ሲባረር ደካማው ገባ። እዚህ ላይ «ላፕቶፑ ስላረጀ ነው» የሚለው ማብራሪያ አይሠራም።

ኩባንያው የሚሰጠው ምክንያት ደህንነት ነው፤ ይሄም ባዶ ሰበብ አይደለም። ቁልፍ በሃርድዌር ሲጠበቅ ለመስረቅ ይከብዳል፣ አዳዲስ ፕሮሰሰሮችም የደህንነት ሥራውን ብዙ ሳይንቀራፈፉ ይሸከሙታል። ጥያቄው ሂሳቡን ማን ይክፈል የሚለው ነው። መስመሩን ያሰመረው ሌላ፣ ዕቃውን በገዛ ገንዘቡ የሚቀይረው ሌላ ነው። ደመወዙ በዶላር ለሆነ ሰው ላፕቶፕ መቀየር ትንሽ ወጪ ሊሆን ይችላል። ለአንድ የግቢ ተማሪ ግን የቤተሰብ ጉዳይ ነው።

ታዲያ ለምን ይንቀራፈፋል?

ዊንዶውስ 11 የተጫነለት ላፕቶፕም ቢሆን «ከድሮው ባሰ» ሲባል እንሰማለን። ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ከሦስቱ አንዱ ነው።

የመጀመሪያው ሃርድ ዲስኩ ነው። የድሮው ዓይነት ሃርድ ዲስክ ውስጡ የሚሽከረከር ሳህን አለ። ላፕቶፖች ላይ በብዛት የሚገኘው በደቂቃ 5,400 ጊዜ ይሽከረከራል፤ አንዲት መርፌ መሰል ነገር ደግሞ ወዲህ ወዲያ እየተመላለሰች መረጃ ታነባለች። እዚህም እዚያም የተበታተኑ ትንንሽ ፋይሎችን ሲፈልግ በሴኮንድ መቶ ያህል ቦታ ቢደርስ ነው። ኤስኤስዲ ግን የሚንቀሳቀስ አካል ስለሌለው ርካሹ እንኳን በሴኮንድ በአሥር ሺዎች ያነባል። ኤክስፒ የተሠራው የሚሽከረከር ዲስክ ብቻ በነበረበት ዘመን ስለሆነ ዲስኩን ቆጥቦ ይጠቀም ነበር። አዲሶቹ ሲስተሞች ግን ከጀርባ ብዙ ነገር ይሠራሉ፦ አፕዴት ያወርዳሉ፣ ፋይል ለፍለጋ ይመዘግባሉ፣ ቫይረስ ይፈትሻሉ፣ ዋን ድራይቭ ላይ ያመሳስላሉ፣ ዜናና የአየር ሁኔታ ያመጣሉ። ይሄ ሁሉ በአንድ መርፌ ላይ ሲወርድ መርፌዋ ምን ትሁን? ታስክ ማኔጀር ከፍታችሁ ዲስክ የሚለው 100 ፐርሰንት ላይ ተሰቅሎ ካያችሁት ችግሩ ይሄ ነው።

ሁለተኛው አፖቹ ራሳቸው ናቸው። ድሮ የኮምፒውተር ፕሮግራም በቀጥታ ለዊንዶውስ ይጻፍ ነበር። ዛሬ ብዙ ኩባንያዎች አንድ ጊዜ እንደ ዌብሳይት ጽፈው ከአንድ ሙሉ ብራውዘር ጋር ጠቅልለው «አፕ» ብለው ያወጡታል። ዲስኮርድ፣ ስላክ፣ ኮድ የምትጽፉበት ቪኤስ ኮድ እንደዚህ ናቸው። ሦስቱን አብራችሁ ስትከፍቱ ሦስት ብራውዘር እንደከፈታችሁ ቁጠሩት፤ ክሮም ሲጨመር አራት። ቴሌግራም ዴስክቶፕ በአንጻሩ በቀጥታ ለኮምፒውተር የተጻፈ ስለሆነ አሮጌ ላፕቶፕ ላይም ቀልጠፍ ብሎ ሲከፈት ታዩታላችሁ። እንግዲህ ቀላል አድርጎ መሥራት ይቻላል ማለት ነው።

ሦስተኛው የደህንነት ሥራው ነው። በጃንዋሪ 2018 ስፔክተርና ሜልትዳውን የተባሉ የፕሮሰሰር ቀዳዳዎች ይፋ ሆኑ። ቀዳዳዎቹ ሃርድዌሩ ውስጥ ስለሆኑ በሶፍትዌር የተሠራው መድፈኛ ፍጥነት ይቀንሳል፤ ጫናው ደግሞ የባሰው በአሮጌዎቹ ፕሮሰሰሮች ላይ ነው። ላፕቶፓችሁ ምንም ሳይሆን ከበፊቱ ቀስ ማለቱ ቅዠት አይደለም።

ነገሩ አዲስም አይደለም። የፓስካል ቋንቋ ፈጣሪ የሆነው ስዊዘርላንዳዊው ኒክላውስ ቪርት፣ ዊንዶውስ 95 በወጣበት በዚያው ዓመት ባሳተመው ጽሑፍ፣ ሃርድዌር ከሚፈጥነው በላይ ሶፍትዌር እየከበደ ነው ብሎ አስጠንቅቆ ነበር። ሰላሳ ዓመት አለፈው። ማስጠንቀቂያው ዛሬም ይሠራል።

ምሬቱ የቱ ጋ ነው?

ፍጥነቱን እንተወውና ሰው የሚያማርርባቸውን ሌሎች ነገሮች እንይ።

አካውንትና ኢንተርኔት። ኤክስፒን ለመጫን ሲዲና የቁልፍ ቁጥር ይበቃ ነበር፤ ለመጫኑ ኢንተርኔት የግድ አልነበረም። ዊንዶውስ 11 ሆም ሲጫን ግን ኢንተርኔትና የማይክሮሶፍት አካውንት ይጠይቃል። ኔትወርክ በሚቆራረጥበት ቦታ ላለ ሰው የራሱን ዕቃ ለመክፈት ፈቃድ እንደመለመን ነው።

ዳታ። ብዙዎቻችን ላፕቶፑን የምናገናኘው በስልክ ሆትስፖት ነው። ላፕቶፑ ግን ዋይፋይ አገኘሁ ብሎ ከጀርባ ማውረዱን ይቀጥላል። ጠዋት የተገዛ ፓኬጅ ከሰዓት አለቀ የሚባለው አንዳንዴ በዚህ ነው። መፍትሔ አለው፤ ከታች ጽፈነዋል።

የለመድነው ቦታ መጥፋቱ። ዊንዶውስ 11 ሲወጣ ስታርት መሃል ገባ፣ ታስክባሩን ወደ ላይ ወይም ወደ ጎን መውሰድ ቀረ፣ በቀኝ ክሊክ የሚመጣው ዝርዝር አጠረና የቀድሞው ሙሉ ዝርዝር ከአንድ ተጨማሪ ክሊክ ጀርባ ተደበቀ። ቀኑን ሙሉ ኮምፒውተር ላይ ለሚሠራ ሰው ይቺ አንድ ክሊክ ቀላል አይደለችም። በዚያ ላይ ስታርት ውስጥ «የሚመከሩ» እየተባሉ ያልጠራናቸው አፖች ይመጣሉ።

እነዚህ ያናድዳሉ፣ ግን ይለመዳሉ። የሚቀጥለው ግን ፋይል የሚያሳጣ ስለሆነ ረጋ ብላችሁ አንብቡት።

ድሮ ላፕቶፕ ቢበላሽ ቴክኒሺያኑ ሃርድ ዲስኩን ነቅሎ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ይሰካና ፋይላችሁን ያወጣላችኋል። አሁን አዲስ በሚጫኑ የዊንዶውስ 11 ኮምፒውተሮች ላይ፣ በማይክሮሶፍት አካውንት ከገባችሁ፣ ዲስኩ ራሱን በራሱ ሊቆልፍ ይችላል። ላፕቶፑ ቢሰረቅ ሌባው ፋይላችሁን አያይም፤ ይሄ ጥሩ ነው። ችግሩ ማዘርቦርድ ሲቀየር ወይም ዲስኩ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሲሰካ 48 አሃዝ ያለው የመክፈቻ ቁልፍ ይጠየቃል። ቁልፉ የሚቀመጠው ያኔ በገባችሁበት የማይክሮሶፍት አካውንት ውስጥ ነው። ላፕቶፑን ያስጀመረላችሁ ሻጩ በራሱ ኢሜይል ከሆነስ? ወይም ለዚያን ቀን ብቻ በተከፈተና ፓስወርዱ በተረሳ ኢሜይል ከሆነስ? የመመረቂያ ጽሑፋችሁ እዚያው ተቆልፎ ይቀራል። ቴክኒሺያኑም ምንም ማድረግ አይችልም።

የድሮውም ገነት አልነበረም

ናፍቆት ጥሩ ነው፣ ግን ትንሽ ያታልላል። የኤክስፒን ዘመን የሚያስታውሱ ታላላቆቻችሁን ጠይቋቸው። ፍላሽ ዲስክ ከኢንተርኔት ካፌ ይዘው ሲመጡ ፎልደሩ በሙሉ ሾርትከት ሆኖ ያገኙት ነበር። ፍላሹ ገና ሲሰካ ቫይረሱ በራሱ ይነሳል፤ ሲስተሙ ራሱ በሩን ይከፍትለት ነበርና። ይህ ከፍላሽ በራስ የመነሳት ነገር ዊንዶውስ 7 ላይ ተዘጋ፤ ለቀደሙትም በ2011 በአፕዴት መጣላቸው። ፎርማት ማስደረግ የወር አስቤዛ ይመስል የነበረበት ጊዜ ነው።

አማርኛችንም የተሻለው በአዲሶቹ ነው። የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ የገባው በ1999 ሲሆን ዊንዶውስ ደግሞ ከቪስታ ጀምሮ የአማርኛ ኪቦርድና ኒያላ የሚባል ፎንት ይዞ መጣ። ከዚያ በፊት የተጻፉ ብዙ ሰነዶች በፓወር ግዕዝና በቪዥዋል ግዕዝ ዓይነት ፎንቶች የተጻፉ ስለሆኑ ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ሲከፈቱ ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደል ክምር ይሆናሉ። አሮጌ ኮምፒውተር ላይ እንዲህ ያለ የቤተሰብ ወይም የቢሮ ሰነድ ካላችሁ፣ ፎንቱ ገና እያለ ወደ ፒዲኤፍ ቀይራችሁ አስቀምጡት።

ደግሞም ምሬት ከንቱ አይደለም። ማይክሮሶፍት በ2012 ዊንዶውስ 8 ላይ የስታርት ቁልፉን ሲያጠፋ ሰው ጮኸ፤ በቀጣዩ ዓመት በ8.1 መለሰው። በ2024 ደግሞ ስክሪናችሁን በየጊዜው ፎቶ እያነሳ የሚያስቀምጥ ሪኮል የተባለ ነገር አስተዋወቀ። ተቃውሞው ሲበዛ አዘገየው፤ በ2025 ሲለቀው ተጠቃሚው ራሱ ካልፈቀደ እንዳይሠራ አድርጎ ነው። የሚጮህ ተጠቃሚ ይሰማል።

እሺ፣ አሁን ምን እናድርግ?

👉 አንደኛ፣ ሳይቃጠል በቅጠል። ማንኛውንም ነገር ከመንካታችሁ በፊት ፋይላችሁን በሁለት ቦታ ኮፒ አድርጉ። አንዱ ፍላሽ ወይም ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ይሁን። ሌላው ኢንተርኔት ላይ ይሁን፤ ቴሌግራም ላይ ለራሳችሁ የምትልኩበት ሴቭድ ሜሴጅስ እንኳን ለመመረቂያ ጽሑፍ ይበቃል። መታወቂያና የባንክ ወረቀት ግን እዚያ አታስቀምጡ።

👉 ሁለተኛ፣ ዕቃችሁን እወቁ። ሴቲንግ ውስጥ ሲስተም፣ ከዚያ አባውት ስትሉ የፕሮሰሰሩ ስም ይመጣል። ኢንቴል ኮር ከሆነ ከሰረዙ በኋላ ያለውን ቁጥር እዩ። አይ5-7200 ከሆነ 7ኛ ጀነሬሽን ነው፤ አይ5-8250 ከሆነ 8ኛ። በ10፣ በ11 ወይም በ12 ከጀመረ 10ኛ፣ 11ኛ ወይም 12ኛ ነው። 8ኛና ከዚያ በላይ ሆኖ አሁንም «አይሆንም» ካላችሁ ቲፒኤሙ ጠፍቶ ሊሆን ስለሚችል ባዮስ ውስጥ ገብታችሁ ማብራት ይቻላል። እዚያ ኢንቴል ላይ ፒቲቲ፣ ኤኤምዲ ላይ ኤፍቲፒኤም በሚል ስም ልታገኙት ትችላላችሁ። ካልለመዳችሁት የሚያውቅ ሰው አጠገባችሁ ይሁን። ማይክሮሶፍት ፒሲ ሄልዝ ቼክ የሚባል ነጻ መፈተሻ አለው፤ ምን እንደጎደለ ይነግራችኋል።

👉 ሦስተኛ፣ ላፕቶፕ ከመቀየር በፊት ዲስኩን ቀይሩ። ላፕቶፓችሁ የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ ያለው ከሆነ ኤስኤስዲ ማስገባት ከምታወጡት ብር ሁሉ ትልቁን ለውጥ ያመጣል። ራሙ 4 ከሆነ ወደ 8 አሳድጉ። የድሮ ላፕቶፖች አንዱ በረከት ይሄ ነው፤ ተከፍተው ይቀየርላቸዋል። ብዙ አዳዲስ ቀጫጭን ላፕቶፖች ላይ ራሙ ማዘርቦርዱ ላይ ስለተበየደ መጨመር አይቻልም።

👉 አራተኛ፣ ዊንዶውስ 10 ላይ መቆየት ካለባችሁ በተራዘመው የደህንነት አፕዴት ተመዝገቡ። ለግል ተጠቃሚ የሚሠራው እስከ ጥቅምት 3 ቀን 2019 ዓ.ም. (ኦክቶበር 13፣ 2026) ነው። መንገዱ ሦስት ነው፦ ሴቲንጋችሁን ከማይክሮሶፍት አካውንት ጋር በማመሳሰል በነጻ፣ በ1,000 የማይክሮሶፍት ሪዋርድስ ነጥብ፣ ወይም በ30 ዶላር። ዓለም አቀፍ ካርድ ለሌለው ሰው የሚያዋጣው የመጀመሪያው ነው። ሲስተማችሁ 22ኤች2 የተባለው የመጨረሻው የዊንዶውስ 10 ዕትም መሆን አለበት። መመዝገቢያው ሴቲንግ ውስጥ ዊንዶውስ አፕዴት የሚለው ጋ ይታያል።

👉 አምስተኛ፣ ሊኑክስን ሞክሩ። ሊኑክስ ሚንት ነጻ ነው፤ ኤክስኤፍሲኢ የሚባለው ቀለል ያለ ዓይነቱ 4 ጊጋባይት ራም ባለው አሮጌ ላፕቶፕ ላይ በደንብ ይሄዳል። መልኩ ለዊንዶውስ ተጠቃሚ እንግዳ አይሆንም፣ በአማርኛም ይጻፍበታል። ደስ የሚለው ሳትጭኑት በፍላሽ አስነስታችሁ መሞከር መቻላችሁ ነው። ቁርጡን ግን እንናገር፦ ፎቶሾፕ፣ የማይክሮሶፍት ኦፊስ የኮምፒውተር ዕትም፣ አካውንቲንግ የምትማሩ ደግሞ ፒችትሪ እንደ ዊንዶውሱ አይሠሩላችሁም። ሥራችሁ በእነሱ ላይ ከሆነ አትቸኩሉ። ሥራችሁ ብራውዘር፣ ጽሑፍ፣ ፊልምና ኮድ መጻፍ ከሆነ ግን ላፕቶፑ ሁለተኛ ዕድሜ አገኘ።

👉 ስድስተኛ፣ ሆትስፖት ላይ ከሆናችሁ የዋይፋዩ ሴቲንግ ውስጥ ሜተርድ ኮኔክሽን የሚለውን አብሩ። ላፕቶፑ ከጀርባ የሚያወርደውን በእጅጉ ይቀንሳል። ነጻ ዋይፋይ ያለበት ቦታ ስትሄዱ ታጠፉትና አፕዴቱን ታወርዳላችሁ።

👉 ሰባተኛ፣ ዲስካችሁ ከተቆለፈ የመክፈቻ ቁልፉን ከአካውንታችሁ አውጥታችሁ ወረቀት ላይ ጻፉት። ያገለገለ ላፕቶፕ ስትገዙ ደግሞ በሻጩ አካውንት የተከፈተ አትቀበሉ። ከባዶ ይጫን፣ በራሳችሁ ኢሜይል ይጀመር።

«መስፈርቱን አልፎ ዊንዶውስ 11 የሚጭን ሰው አለ» የሚባለውስ? አለ፤ ይቻላል። ግን ማይክሮሶፍት እንዲህ ለተጫነ ኮምፒውተር አፕዴት ለመላክ ዋስትና አይሰጥም፤ በጣም የቆዩ ፕሮሰሰሮች ላይ ደግሞ ከ24ኤች2 ዕትም ጀምሮ ጭራሽ አይነሳም። ከሁሉም የከፋው ዊንዶውስ «አክቲቬት» ያደርጋል እየተባለ የሚዞረው ክራክ ነው። አንቲቫይረስ አጥፉ ብሎ የሚጀምር ፕሮግራም ሌላ ምን ይዞ እንደሚገባ ማን ያውቃል? አፕዴት የሌለውን ሲስተም ሸሽቶ ወደ እሱ መሄድ ከድጡ ወደ ማጡ ነው።

ስልካችሁም ከዚህ አያመልጥም

«እኔ ላፕቶፕ የለኝም፣ ሁሉንም በስልክ ነው» የምትሉ፣ ታሪኩ የእናንተም ነው። የአንድሮይድ ስልክም የድጋፍ ማብቂያ ቀን አለው። አንዳንድ ስልኮች ጥቂት ዓመት ብቻ አፕዴት ያገኛሉ፤ ጎግል ከፒክስል 8፣ ሳምሰንግ ደግሞ ከጋላክሲ ኤስ24 ጀምሮ ለእነዚህ ስልኮች ሰባት ዓመት ቃል ገብተዋል። ስልክ ስትገዙ ካሜራውንና ስቶሬጁን እንደምትጠይቁት ሁሉ «አፕዴቱ እስከ መቼ ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። ያገለገለ ከሆነማ ይበልጥ። የባንክ አፓችሁ ያለው እሱ ላይ ነውና።

ለማጠቃለል፦ ዕቃ ማርጀት አንድ ነገር ነው፣ ድጋፍ ማለቅ ሌላ ነገር። የመጀመሪያውን ባትሪው፣ ኪቦርዱና ዲስኩ ይነግሯችኋል። ሁለተኛውን የሚወስነው ሩቅ ያለ ኩባንያ ነው። ሁለቱን የለየ ሰው ደህናውን ላፕቶፕ በድንጋጤ በርካሽ አይሸጥም፤ «ምንም አይሆንም» ብሎም ፋይሉን ለሌባ ክፍት አይተውም። በተራዘመው አፕዴት የሚኖር ሰው እስከ ጥቅምት 2019 ጊዜ አለው፤ በዚህ ጊዜ ኤስኤስዲ መግዣ ማጠራቀምም ሆነ ሊኑክስ መሞከር ይቻላል። ዛሬ ማታ ግን ፋይላችሁን ኮፒ አድርጉ።

ላፕቶፑን «ሊጥለው ነው» የምትሉት ጓደኛ ካለ ይህን ሼር አድርጉለት። ሰላም እንሁን!